«እግርሽን ስበሪ» ምርቃት ሲሆን

ከመካከላችን ትንሿ፣ አሜሪካ ከገባች ገና ዓመት ያልሞላት የአዲስ አበባ ልጅ፣ በማግስቱ ለሥራ ቃለ መጠይቅ እንደምትቀርብ ለክፍሉ ተናገረች። መምህራችን ደስ ብሏቸው ከወንበራቸው ብድግ አሉና «ብሬክ ኤ ሌግ!» አሏት። እንደወረደ ስንፈታው «እግርሽን ስበሪ» ሆነብን። ልጅቷ ክው አለች። አጠገቤ የተቀመጡት፣ ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው የታክሲ ሹፌር «በስመ አብ!» ብለው አማተቡ። ምን ይፈረድባቸዋል? በእኛ አገር «እግርህ ይሰበር» እርግማን ነው። በሄደበት የተጸጸተ ሰው እንኳን ራሱን ሲወቅስ «ምነው ያኔ እግሬን በሰበረው» ይላል።

መምህራችን ሳቃቸው እስኪያልፍ ጥቂት ቆዩና አስረዱን። አባባሉ የቲያትር ሰዎች ነው። ወደ መድረክ ለሚወጣ ተዋናይ «ይቅናህ» ማለት ገድ ያጠፋል ብለው ስለሚሰጉ ተቃራኒውን ይሉታል። ዛሬ ግን ከቲያትር ቤት ወጥቶ ለፈተናም፣ ለቃለ መጠይቅም፣ ልጆች ትምህርት ቤት ለሚያቀርቡት ዝግጅትም ይባላል። ስፓኒሽ ተናጋሪ ጓደኞቻችን ደግሞ የስፔን ተዋናዮች ለዚሁ ጉዳይ ምን እንደሚባባሉ ነገሩን፤ እሱስ እዚህ መጽሔት ላይ የሚጻፍ አይደለም።

ከዚያ መምህራችን ወደ እኛ ዞሩ። ከዓመታት በፊት አንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ እራት ጋብዟቸው፣ ጠግበው እጃቸውን ሲሰበስቡ የቤቱ እመቤት ጉርሻ ጠቅልለው «በሞቴ!» አሏቸው። ምን ማለት እንደሆነ የቤቱን ትንሽ ልጅ ቢጠይቁት «ካልበሉ እናቴ ትሞታለች» ብሎ ተረጎመላቸው። «ያን ቀን በፍርሃት ሦስት ጉርሻ ጨመርኩ» አሉን። እኛም አፈርን፣ ሳቅንም። ሰውን በእንጀራ ለማስጨነቅ ሞታችንን የምንጠራ ሰዎች በአንድ እግር መሰበር መደንገጣችን!

ክፍላችን ከዋሽንግተን ዲሲ ወንዙን ተሻግሮ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አንድ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ነበር። በሳምንት ሁለት ምሽት፣ ከሥራ በኋላ እንገናኛለን። ከአሥራ ስምንት ተማሪዎች አምስታችን ኢትዮጵያውያን ስንሆን፣ የቀሩት በአብዛኛው ከኤልሳልቫዶር፣ ከጓቲማላ፣ ከሆንዱራስ፣ ከፔሩና ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የመጡ ነበሩ። በአጋጣሚ አይደለም። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ሳልቫዶራውያንም ኢትዮጵያውያንም በብዛት የሚኖሩባት ናት። የዲሲ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ካወጣ ወዲህ፣ አስፈላጊ የመንግሥት ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች መካከል ስፓኒሽና አማርኛ ይገኙበታል። በየቢሮው መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ኖረናል ማለት ነው።

የመማሪያ መጽሐፉ ግን ለእነሱ የተዘጋጀ ነበር። አያስገርምም፤ ስፓኒሽ በ20 አገሮች የመንግሥት ቋንቋ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በቤታቸው ይናገሩታል። ስለ ፈሊጣዊ አነጋገር የሚያስተምረው ምዕራፍ በሁለት ዓምድ ተከፍሏል፤ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ የስፓኒሽ አቻው። እኛ አምስታችን ዳር ላይ በእርሳስ ሦስተኛ ዓምድ አሰመርን። መጀመሪያ ላይ ተጨማሪ ሸክም መስሎን ነበር። እየቆየን ስንሄድ ግን እንግሊዝኛው የቋጠረብንን ስፓኒሹ ሲፈታልን አየን።

እንስራ፣ ዓይን፣ ሆሳዕና

መጀመሪያው ገጽ ላይ የነበረው ሁሉም ሰው ሰምቶት የሚያውቀው «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ» ነው፤ ድመትና ውሻ ይዘንባል። ለምን ድመትና ውሻ እንደሆነ አስረግጦ የሚናገር የለም። ድሮ እንስሳት ከሣር ጣራ ላይ በዝናብ እየተንሸራተቱ ይወድቁ ስለነበር ነው የሚባለው ተረት ነው። አየርላንዳዊው ደራሲ ጆናታን ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ1738 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አባባሉ ይገኛል፤ መጽሐፉ ደግሞ ሰዎች በየሳሎኑ በሚደጋግሟቸው የተሰለቹ አባባሎች የሚያላግጥ ነው። ያኔ የተሰለቸ ነገር ዛሬ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። በእኔ ግምት መጽሐፎች ለዚህ አባባል ከሚገባው በላይ ቦታ ይሰጡታል። ጎረቤቴ የሆኑት አሜሪካዊት ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል «ኢትስ ፖሪንግ» ነው የሚሉት።

ስፓኒሹ «ዮቬር አ ካንታሮስ» ይላል። ካንታሮ በሥዕሉ ላይ ሆዷ ሰፊ፣ አንገቷ ጠበብ ያለ የሸክላ ዕቃ ናት። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋትና «ይቺማ እንስራ ናት!» አሉ። ሰማይ እንስራውን ሲገለብጥ ታየን። ሦስተኛው ዓምድ ላይ «ዶፍ» ብለን ጻፍን።

ስለ ዋጋ ስንማር ክፍሉ ሞቅ አለ። እንግሊዝኛው አንድ ነገር በጣም ሲወደድ «ኢት ኮስትስ አን አርም ኤንድ ኤ ሌግ» ይላል፤ አንድ እጅና አንድ እግር ያስከፍላል እንደ ማለት። ስፓኒሹ «ኡን ኦሆ ዴ ላ ካራ» ይላል፤ ዋጋው የፊት አንድ ዓይን ነው። እኛ ደግሞ «አይቀመስም» እንላለን። ሌሎቹ ገላቸውን ሲከፍሉ እኛ ገና ከመቅመሳችን በፊት ተመለስን። አንዷ ሳልቫዶራዊት «የዚህ ከተማ የቤት ኪራይ እጄንም፣ እግሬንም፣ ዓይኔንም ወስዷል፤ አሁን የቀረኝ መቅመስ ብቻ ነው» አለች። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ከሁሉ የወደድኩት ግን የጊዜውን ነው። እንግሊዝኛ ከስንት አንዴ የሚሆንን ነገር «ዋንስ ኢን ኤ ብሉ ሙን» ይለዋል፤ ሰማያዊ ጨረቃ ስትወጣ። ሰማያዊ ጨረቃ የሚሏት በአንድ ወር ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ሙሉ የምትሆነውን ጨረቃ ሲሆን፣ በየሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ታጋጥማለች። ቀለሟ ሰማያዊ አይደለም። ይህን ሁሉ ካልነገሩህ አታውቀውም። ስፔኖች ግን «ዴ ፓስኩዋስ አ ራሞስ» ይላሉ፤ ከፋሲካ እስከ ሆሳዕና። ለዚህ ማብራሪያ የፈለገ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ሆሳዕና ከፋሲካ በፊት ያለው እሑድ ነው፤ ስለዚህ ከፋሲካ ተነስቶ ሆሳዕናን የሚጠብቅ ሰው ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ይጠብቃል። የፔሩው ልጅ ደግሞ «እኛ ዘንድ ጳጳስ በሞተ ቁጥር ነው የሚባለው» አለ። «ካዳ ሙዌርቴ ዴ ኦቢስፖ»። ጋሼ ይሄኛውን አልወደዱትም።

ሌሎቹን በፍጥነት አለፍናቸው። እንግሊዝኛው ነገሩን በቀጥታ ለማይናገር ሰው «ቁጥቋጦውን ዙሪያውን ይመታል» ሲል ስፓኒሹ «በቅርንጫፎቹ ላይ ይዞራል» ይላል፤ የእኛ «ዙሪያ ጥምጥም» ከሁለቱም ታጥራለች፣ ትበልጣለችም። የቀለለን ነገር አንዱ «ቁራጭ ኬክ»፣ ሌላው «የተበላ ዳቦ» ይለዋል። ሰው ሲፎግርህ እንግሊዝኛው እግርህን ይጎትታል፣ ስፓኒሹ ፀጉርህን ይይዛል። «በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ» ላይ ስንደርስ ሦስቱም ተገናኙ፤ ስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ ብቻ ድንጋዩን ትተው በአንድ ጥይት ይገድሏቸዋል።

አንድ ጊዜ ግን እነሱም እኛም እኩል ግራ ተጋባን፤ ከዶሚኒካኑ በስተቀር። ቤዝቦል ነው ነገሩ። የአሜሪካ እንግሊዝኛ በዚህ ጨዋታ ቃላት ተሞልቷል። አለቃዬ ምሳ ስጋብዛት «ካን አይ ቴክ ኤ ሬይን ቼክ?» ብላኝ የዝናብ ቼክ ምን እንደሆነ ስገረም ሰንብቻለሁ። የዶሚኒካኑ ጓደኛችን እንደ አገሩ ሰዎች ሁሉ ቤዝቦልን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ነውና ተነስቶ አስረዳን። ጨዋታው በዝናብ ሲቋረጥ ተመልካቹ በሌላ ቀን በነጻ የሚገባበት ወረቀት ይሰጠዋል። ሬይን ቼክ ያ ነው፤ «ዛሬ አልተመቸኝም፣ ግብዣው ግን ይቆየኝ» ማለት ነው። መካኒክ «ቦልፓርክ ፊገር» ሲል ደግሞ የቁርጥ ዋጋ አልነገራችሁም፤ በግምት ነው። በግምቱ ተማምኖ ገንዘብ ይዞ የሄደ ሰው አውቃለሁ። እሱም እኔው ነኝ።

ከሥራ ያሰናበተ ቃል

እስካሁን ያልኩት የሳቁን ነው። የሚከተለውን በሳቅ አልተማርነውም።

የኪራዩን ቀልድ የተናገረችው ሳልቫዶራዊት በአንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳ ነበር። የሁለት ልጆች እናት ናት። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተቆጣጣሪዋ ወደ ቢሮ ጠርታ፣ በጣም ለስለስ ባለ ድምፅ «ዊ ሃቭ ቱ ሌት ዩ ጎ» አለቻት። «ሌት» መፍቀድ ነው፤ «ጎ» መሄድ ነው። ሁለቱንም ቃላት በመጀመሪያው ሳምንት ተምረናቸዋል። ጓደኛችንም ቃል በቃል ተረዳች፦ ዛሬ ቀደም ብለሽ መሄድ ትችያለሽ። «ታንክ ዩ! ታንክ ዩ ሶ ማች!» ብላ ሴትየዋን አቀፈቻት። የሰጠቻትን ፖስታ የሚቀጥለው ሳምንት የሥራ ፕሮግራም መስሏት ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በመንገዷ ዶሮ ገዝታ፣ በጊዜ ቤቷ ገብታ ለልጆቿ ሠራች።

ሰኞ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ የሠራተኛ መግቢያው በር በካርዷ አልከፈት አለ። ደጋግማ ሞከረች። በመጨረሻ ስፓኒሽ የሚችል ጥበቃ መጥቶ ስሟን ከኮምፒውተሩ ላይ አየና ነገራት።

ያን ምሽት ፖስታውን ይዛ ክፍል መጣች። አላለቀሰችም። «ያሳፈረኝ መባረሬ አይደለም፤ ማመስገኔ ነው» አለችን በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ። ማናችንም ያላሳረምናት ብቸኛዋ ዓረፍተ ነገር ያቺ ነበረች።

ጋሼ ተናደዱ። «ለምን ተባረሻል አይሏትም? ዙሪያ ጥምጥም ምን ያደርጋል?» ብለው ጠየቁ። መምህራችን ጥያቄውን ወደ እኛ መለሱት። በቋንቋችሁ ለዚህ ምን ትላላችሁ? ስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ «ዴስፔዲር» አሉ። ቃሉ አንድን ሰው ሸኝቶ መሰናበት ማለት ነው፤ ከሥራ ማባረርም ማለት ነው። እኛም አሰብ አደረግን። «ከሥራ አሰናበቱት» አይደል የምንለው? ሠርግ ቤት እንግዳ የሚሰናበትበት ቃል፣ ደብዳቤ ሰጥተው ወደ ውጭ የሚያወጡበትም ቃል። ሦስቱም ቋንቋዎች መራሩን ክኒን በአንድ ዓይነት ማር ለውሰውታል። የሚለየው በእናት ቋንቋ ሲሆን ማሩን አልፎ መራራው ወዲያው የሚሰማን መሆኑ ብቻ ነው።

ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። ጋሼ ባለቤታቸው ቀዶ ሕክምና ባደረጉ ጊዜ ሐኪሙ ወጥቶ «ሺ ኢዝ ኖት አውት ኦቭ ዘ ዉድስ የት» እንዳላቸው ነገሩን። ከጫካው ገና አልወጣችም። ከሰሙት ሁሉ የገባቸው «አውት» የሚለው ስለነበር፣ ወጣች ማለት ነው ብለው ለዘመድ ሁሉ «ደህና ናት» ብለው ደወሉ። ሐኪሙ ያለው «ገና ከአደጋ አልወጣችም» ነው። እትዬ ደግነቱ ድነዋል፤ ጋሼ ግን ያን ሌሊት ቤታቸው ገብተው በመተኛታቸው እስካሁን ይቆጫቸዋል።

ለስፓኒሽ ተናጋሪዎች ሌላም ወጥመድ አለ፤ የሚመሳሰሉ ቃላት። በክፍላችን አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት «አይ አም ኤምባረስድ» ስትል መምህራችን «ምን የሚያሳፍር ነገር አለ? እየጎበዝሽ ነው» አሏት። ስፓኒሹ «ኤምባራሳዳ» ነፍሰ ጡር ማለት ነው፤ እንግሊዝኛው «ኤምባረስድ» ያፈረ ማለት ነው። ይሄኛው በሳቅ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1980 ፍሎሪዳ ውስጥ የሆነው ግን በሳቅ አላለቀም። አንድ የ18 ዓመት ወጣት ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። ቤተሰቦቹ «ኢንቶክሲካዶ» ሆኗል አሉ፤ የበላው ነገር መርዞታል ለማለት። ሐኪሞቹ «ኢንቶክሲኬትድ» ብለው ሰሙትና አደንዛዥ ዕፅ ከመጠን በላይ እንደወሰደ ሰው አከሙት። ወጣቱ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነበር። ያ እስኪታወቅ ጊዜው አለፈ፤ እጅና እግሩ ሽባ ሆኖ ቀረ። የካሣ ስምምነቱ በዕድሜ ዘመኑ ተሰልቶ 71 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። እኛ በዚህ በኩል እንሻላለን፤ አማርኛና እንግሊዝኛ የሚመሳሰሉበት ቃል ጥቂት ስለሆነ ሁሉንም እንጠረጥራለን።

ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ የአሜሪካ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ይህን የሚያውቁ እንኳን «ልጄ ይችላል» ብለው የአሥር ዓመት ልጅ ይዘው ይገባሉ። ልጁ እንግሊዝኛ ይችል ይሆናል፤ «ከጫካው አልወጣችም» የሚለውን ግን ለእናቱ እንዴት አድርጎ ይነግራታል? ቢገባውስ እንዴት ይችለዋል? አስተርጓሚ ከሌለ ደግሞ መምህራችን በቃላችን ያስያዙን አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ካን ዩ ሴይ ዛት ኢን ሲምፕል ወርድስ?» በቀላል ቃል ይንገሩኝ ማለት ነው። የሚቆጣ ሐኪም እስካሁን አላጋጠመኝም።

ለማን የሚባል ነው?

ፈሊጥ መማር ሌላው አደጋው ካወቁት በኋላ ይመጣል። ከኢንተርኔት ላይ «ኪክ ዘ ባኬት» ማለት መሞት እንደሆነ የተማረ አንድ ወጣት የአገራችን ልጅ፣ አባቱ የሞቱበትን የሥራ ባልደረባውን ሊያጽናና ሄዶ «አባትህ ኪክድ ዘ ባኬት ማለትን ሰማሁ፣ አዝናለሁ» አለው። ትርጉሙን አልሳተም። ያለው ግን «አባትህ ሲጥ አሉ አሉ» ነው። ስፓኒሹም «እስቲራር ላ ፓታ» የሚል አለው፤ ፓታ የእንስሳ እግር ነው፣ እግሩን ዘረጋ እንደ ማለት። ሦስቱም በፊልምና በቀልድ ይባላሉ፣ ሐዘን ቤት አይባሉም። ሐዘን ቤት እንግሊዝኛው «አይ አም ሶሪ ፎር ዩር ሎስ»፣ ስፓኒሹ «ሚ ማስ ሴንቲዶ ፔሳሜ»፣ የእኛው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ነው።

ከዚያ ወዲህ በደብተሬ ሦስተኛ ዓምድ ላይ የቃሉን ፍቺ ብቻ መጻፍ ተውኩ። ማን ለማን እንዳለው፣ የት እንዳለው፣ ፊቱ ምን ይመስል እንደነበር እጽፋለሁ። «ፕሌይ ኢት ባይ ኢር፤ የልጄ አስተማሪ፣ ስለ ጉዞው ስጠይቃት፣ ትከሻዋን ነቅንቃ፤ እንደ ሁኔታው እናያለን።» «ዩ አር ኦን ቲን አይስ፤ አለቃ ለዘገየ ሠራተኛ፣ ሳይስቅ፤ ተጠንቀቅ፣ ሥራህ አደጋ ላይ ነው።» እንዲህ የጻፍኩት አይረሳኝም። የስፓኒሹንም ዓምድ አልተውኩትም፤ ልማድ ሆኖብኛል።

ያቺ ሳልቫዶራዊት ከአምስት ወር በኋላ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሥራ አገኘች። ክፍሉ አልቆ ብንለያይም እሑድ እሑድ እንደዋወላለን፤ እኔ ስፓኒሽ አልችልም፣ እሷ አማርኛ አትችልም፣ በዚያችው በተሰባበረች እንግሊዝኛችን እናወራለን። ባለፈው ሰሞን ስለ ልጆቿ፣ ስለ ኪራይ፣ አረጋውያኑ ስለሚያስተምሯት አሮጌ አባባሎች ስትነግረኝ ቆይታ፣ እኔ ወጥ ላይ ነበርኩና ሽንኩርቱ ሲያር ሰማችኝ።

አሜሪካውያን ስልክ ሲጨርሱ በትሕትና የሚሉት አንድ ነገር አለ፤ ጊዜሽን አልሻማብሽ እንደ ማለት ነው። ከወዲያ ማዶ ትንሽ ዝም አለችና «ኦኬ» አለች፣ «አይል ሌት ዩ ጎ።»

ሁለታችንም እስኪበቃን ሳቅን። ወጡ አረረ።